ጨው ቀማሽ፦ አንድ ሰሃን

ሊማ ዝናብ አታውቅ፤ ጭጋግ ነው ያላት፣
ከውቅያኖስ ተነሥቶ ዳገት የሚወጣላት።
በዚያ ጭጋግ መሐል፣ ከቢጫው ደረጃ አፋፍ፣
ቦቴ ከሚጠብቁ ከበርሜሎቹ ሰልፍ
አለፍ ብሎ አንድ ዳስ፣ በሩ የማይገጥም፣
«የኮረብታው እናቶች» ሊጻፍበት በቀለም
ተጀምሮ፣ ቀለሙ «እናቶ» ላይ አልቆ፣
እንደዚያው የቀረ፣ ከነጉድለቱ ደርቆ።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ወርደው ከገበያ፣
የአሣ ራስ ለምነው በጆንያ በጆንያ፣
የተሰበረ ካሮት፣ የተጨማደደ ድንች፤
ሲነጋ ድስቱ ዙሪያ ሠላሳ ሴቶች።
አንገታቸው ላይ ፊሽካ አለ፣ በክር የተንጠለጠለ፤
ሌሊት በአንዱ ቤት ዱላ ካየለ
አንዲቷ ትነፋለች፤ ዳገቱ ሁሉ ይነፋል፤
ሰካራሙ በጭጋጉ ውስጥ ስንት እንደሆኑ መቁጠር ያቅተዋል።

ሰሃኑ በአንድ ሶል፤ ያጣ ሰው በዱቤ፤
ይህን የምመዘግብ እኔ፣ ጥግ ላይ ተሰብስቤ።
ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ጆሮዬ ላይ እርሳስ፣
ሰማያዊ ደብተር፣ ጠርዙን የበላው ቅባትና ጢስ።
ሊቀመንበሯ ኤውላሊያ ናት የሾመችኝ፦
«ዓይኔ ደከመብኝ፣ አንቺ ልጅ፣ ጻፊልኝ፤
መነጽሬ ተሰብሯል፣ ፊደል አይታየኝም»
ብላ ፊቷን አዞረች፤ ሌላ ቃል የለም፤
ከምስሩ ክምር ውስጥ በጣቷ ጥፍር ጫፍ
ጠጠር ትለቅም ጀመር፣ አንድም ሳታሳልፍ።

ያን ሰሞን ዶን ፋውስቲኖ በሩን ዘግቶ ከረመ፣
በካያዎ ወደብ አርባ ዓመት የተሸከመ፣
ሚስቱን የቀበረ፣ ልጅ የሌለው አዛውንት።
ሰሃን ላክንለት።
መለሰው፣ ክዳኑ እንኳ ሳይነሣ፤
«የቸገረው ይብላው፤ ለእኔ አታስቡ» አለሳ!

ኤውላሊያ ሽርጧን ሳትፈታ ሄደች፣
ጭልፋውን እንደያዘች፦
«አባባ፣ ተቸገርን። ሴቶቹ አልተስማሙ፤
አንዷ ጨው በዛ ስትል፣ ለአንዷ አልጫ ነው ጣዕሙ።
እርስዎ የባሕር ሰው ነዎት፤ ጨው ያውቃል ምላስዎ፤
ሥራ ነው የምንለው፤ ደመወዝም አለዎ።»

በማግስቱ መጣ። ጸጉሩን በውሃ አበጥሮ፣
ክራቫት አስሮ፣ ባርኔጣ ደፍቶ፣ ጫማውን አሳምሮ።
ጭልፋው ከንፈሩ ሲደርስ ሠላሳ ሴት ዝም አለ፤
ዓይኑን ጨፈነ፤ ዋጠ፤ «አንድ ቁንጥር ጎደለ።»
በየቀኑ አንድ ቁንጥር፤ አትበዛም፣ አታንስም፤
ሳቢና አውቃ ናት የምታስቀራት፤ ለሰው አትነግርም።

እኔም ጻፍኩ፦ «ጨው ቀማሽ፦ አንድ ሰሃን፣ ደመወዝ»፣
ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ከንፈሬን ነክሼ ስይዝ።
ምስጢሩ ገብቶኝ ነዋ! እሱ ብቻ ነው የተታለለ፣
በሥራ ስም እንደሚበላ ያላስተዋለ።

አንድ ቀን አጠገቤ ተቀምጦ፦ «አንቺስ ልጅ፣ ሥራሽ ነው?»
«አዎ፣ ጸሐፊ ነኝ።» «ደመወዝሽ ስንት ነው?»
«ሁለት ሰሃን» አልኩት፣ ኩራቴ አፌን ሞልቶት፤
«አንዱ የእማዬ ነው፤ ሳሉ አላስነሣት።»
አየኝ። ብዙ ቆየ። ብድግ ብሎ ከወንበሩ
ባርኔጣውን አነሣልኝ፣ እንደ ሥራ ባልደረባ፣ በወጉ በክብሩ።

ዘንድሮ ደብተሩ በፌስታል ተጠቅልሎ ደረሰኝ፤
ኤውላሊያን ቀብረው ሲመለሱ ሳቢና ናት የላከችልኝ።
ገለጥኩት። የእኔ ፊደል፣ ወልጋዳው፣ መስመር የሚዘል፤
ድንች፣ ዱቤ፣ የአሣ ራስ፣ የጋዝ፣ የከሰል።
ከእኔ ገጾች በፊት ግን፣
ሦስት ዓመት ሙሉ ሒሳብ፣ አንድ ሳንቲም ሳይዛነፍ ቀን በቀን፣
እንደ ጥልፍ የተሰለፈ ደቃቅ የእጅ ጽሕፈት፣
በየገጹ ግርጌ «ኤውላሊያ» የሚል ያለበት።
ከሹመቴ ዋዜማ ላይ፣ በዚያው እጅ አንዲት መስመር፦
«ጸሐፊ፦ ሁለት ሰሃን። ከነገ ጀምሮ ይቆጠር።»

ምስሩ ትዝ አለኝ። አንድም ጠጠር ያላለፋት።

ባርኔጣውም፤ የዚያን ቀን አነሣሡ፤
እኔ ምስጢር ያወቅሁ ሲመስለኝ፣ አዋቂው ለካ እሱ።